ካህን ከጎረቤት ቤት ይውጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዳንግላ አጠገብ ወደምትገኘው የትውልድ ቀበሌዬ ለእረፍት ሄጄ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኘሁ። ደወሉ ተደውሏል፤ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ ቅዳሴው ግን አይገባም። «ምን እየተጠበቀ ነው?» ብዬ አጠገቤ የቆሙትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። «ዲያቆን» አሉኝ። እንደምታውቁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። የዚያን ዕለት የተገኙት አራት ብቻ ነበሩ። አምስተኛው ከአጎራባች ደብር በሞተር ሳይክል ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ሕፃናቱም በረሃብ መነጫነጭ ጀመሩ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠን ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ የከተማ ሰው አመሌ ተነሣብኝና ንግግር ጀመርኩ። «ይህን ያህል ሰው ካለበት አጥቢያ እንዴት ሦስተኛ ዲያቆን ይጠፋል? ድሮ እኮ ከዚህ ቀዬ በየዓመቱ ስንቱ ልጅ ነበር ቅኔ ቤት የሚሄደው! ምነው ልጆቻችሁን አስቀራችሁ?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው አዳመጡኝ። የደብሩ አለቃ ብቻ ፈገግ ብለው «ለመሆኑ ስንት ልጆች አሉህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሁለት» አልኋቸው። «ይባረኩልህ» አሉኝ። እኔም «አሜን» ብዬ ወደ ጠላዬ ተመለስኩ። ጥያቄያቸው መልስ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የገባኝ ታናሽ እኅቴ የደወለችልኝ ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ታውቃላችሁ። የእኅቴ ልጅም ከክፍል ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን ልጅ ምከርልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«የኔታ ዘንድ ሲመላለስ ከረመና አሁን ቅኔ ቤት ካልገባሁ ብሎ ተነሥቷል። ደበሎ ፈልጉልኝ ይላል እኮ! አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አንተን ይሰማል።»

እኔም ሳላመነታ «እሺ፣ እመክረዋለሁ። ምን ነካው ይኼ ልጅ?» አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው «ስንት ልጆች አሉህ?» የሚለው የአለቃው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጨለው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ነገር መልካም ነው፣ ሊቀጥልም ይገባዋል እያልኩ፣ ሸክሙን ግን የእኔ ወገን እንዳይሸከመው የምፈልግ ከሆነ፣ በእርግጥ አምኜበታለሁ ማለት ይቻላል ወይ?

ይህ የአገው ምድር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካህናቷን በየዓመቱ ቆጥራ የምትመዘግበው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናትና እስቲ መዝገቧን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ላይ 420 ሺህ ገደማ ካቶሊካውያን ካህናት ነበሩ። በ2022 ደግሞ 407 ሺህ ገደማ ናቸው። «ታዲያ ምኑ ቀነሰ?» ትሉ ይሆናል። ምእመናኑ ግን በእነዚሁ ዓመታት ከ650 ሚሊዮን ገደማ ወደ 1.39 ቢሊዮን ደርሰዋል። ስናካፍለው፣ ያኔ ለ1,550 ሰው ገደማ አንድ ካህን ይደርስ ነበር፤ አሁን አንዱ ካህን ለ3,400 ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ59 ሺህ ገደማ ወደ 35 ሺህ ገደማ ወርደዋል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ከ20 ሺህ የማይሞሉ የነበሩት ከ50 ሺህ በላይ ሆነዋል። ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ አጥቢያዎች ከናይጄሪያና ከሕንድ በመጡ ካህናት ይቀደስባቸዋል። ያኔ ሚስዮናዊ ይልኩ የነበሩት አገሮች አሁን ተቀባይ ሆነዋል ማለት ነው።

የአየርላንድን ነገር ያየ ሰው የእኛን ለመረዳት አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1795 የተመሠረተው የሜይኑዝ ዘርአ ክህነት በደጉ ዘመን 500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። በየቤቱ ስምንትና አሥር ልጅ በነበረበት ጊዜ አንዱን ለክህነት መስጠት ለቤተሰቡ ክብር፣ ለልጁም ትምህርትና እንጀራ ነበር። ከዚያ በ1967 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነፃ ሆነ። ሌላ በር ተከፈተ። የልጆች ቁጥር ቀነሰ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙት በደልና የአለቆቻቸው መሸፋፈን አደባባይ ወጣና የሕዝቡ አመኔታ ተሰበረ። አሁን በሜይኑዝ ያሉት ተማሪዎች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ከአሥር ልጅ አንዱን መስጠትና ከሁለት ልጅ አንዱን መስጠት ለየቅል ነው። ካቶሊኮች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ስለ ክህነት ጥሪ የሚጸልዩበት የዓለም ቀን አላቸው። በዚያ ቀን «አምላኬ፣ ካህን ስጠን» ብሎ ከሚንበረከከው አባት ስንቱ በልቡ «ከጎረቤት ቤት» የምትለዋን ቃል ይጨምር ይሆን? እኔ ደጀ ሰላሙ ሥር የጸለይኩት ጸሎት እርሱ ነበራ!

ወደ አገራችን ስንመለስ ካቶሊኮች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ነገር ግን አንድ ቃል አላቸው፤ እኛ ብንዋሰው የማንጎዳበት፤ «ጥሪ» ይላሉ። አንድ ወጣት ዘርአ ክህነት ሲገባ ዓመታት ሙሉ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ከመማሩ ጎን «በእርግጥ ተጠርተሃል ወይ?» ተብሎ ደጋግሞ ይጠየቃል። ራሱም ራሱን ይጠይቃል። የሚመለስ ይመለሳል። በእኛ ገጠር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። «ልጄን ለትምህርት ሰጠሁት» ነው የሚባለው። ሰጪ አለ፤ ተቀባይ አለ፤ ተሰጪው ግን አይጠየቅም።

ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1943 ዓ.ም. ነው። አንዱ አቡን ሲያርፍ ሌላው እስኪመጣ ዓመታት ያልፉ ነበር። ስለዚህ አቡኑ በተገኘ ጊዜ ሁሉም ልጁን ይዞ ይሮጣል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ቅስና ሲቀበሉ ማየቱን፣ በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ዲቁና ሲቀበሉ መገረሙን ጽፏል። ነገሩ ሲታይ ያስቅ ይሆናል። ነገ አቡን ላይኖር ይችላል ብሎ የሚሰጋ ሕዝብ ግን ሌላ ምን ያድርግ? ስጋቱ አልፎ ልማዱ ቀረ። ልጅ ጢም ሳያወጣ ዲያቆን ይሆናል፤ «ትፈልጋለህ?» የሚለው ግን የለም።

ታላቅ ወንድሜ ከእነዚህ አንዱ ነው። እናታችን ከእርሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት ነበርና «ይኼኛው ከተረፈልኝ የአንተ ነው» ብላ ተሳለች። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበባችሁ የማንኩሳውን በዛብህን ታስታውሳላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ የበዛብህ መከራ የሚጀምረው ሰብለ ወንጌልን ከማየቱ በፊት ነው፤ ወላጆቹ ስለ እርሱ ከተሳሉት ስእለት። ማንኩሳ ከእኛ ቀዬ ሩቅ አይደለችም፤ ስእለቱም እንዲሁ ሩቅ አልነበረም። ወንድሜ በዘጠኝ ዓመቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ ወጣ። ቤታችን የምንነጋገረው በአዊኛ ነው፤ እርሱ ግዕዙን የተማረው በአማርኛ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት የሰው ቋንቋ ተሸከመ ማለት ነው። በብርድ ተንዘፍዝፏል፤ ውሻ ነክሶታል፤ እከክ አሠቃይቶታል። ዲቁና ተቀበለ። በሃያ ሦስት ዓመቱ ከሥርዓቱ ውጭ አገባና ዲቁናውን አፈረሰ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን «አያ፣ የትኛው ነው የከበደህ? ረሃቡ ነው ብርዱ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ረሃቡስ አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ‹ትወደዋለህ ወይ?› ብሎ ሳይጠይቀኝ መቅረቱ ነው እንጂ» አለኝ።

እኔ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማርኩት እርሱ ስለ ተሰጠ ነው። ስእለቱ በእርሱ ተከፍሏልና እኔ ነፃ ነበርኩ።

እንግዲህ አንድ ወገን ይነሣና «ደግ ሆነ!» ይላል። «የቆሎ ተማሪ የቀነሰው ነፃነት ስለ ጨመረ ነው። ድሮ ሌላ በር አልነበረም፤ ለዚህ ነው ቅኔ ቤቱ የሞላው። ከድህነት የመጣ ጥሪ፣ ጥሪ አይባልም።» በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ መምህሩና አገልጋዩ ይተዳደሩበት የነበረው ምንጭ ደረቀ። ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተሠራ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ዲግሪ ከደጅ መጣ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ገንዘብ ይቆጥራል። በቀርቀሃ አጥር ውስጥ ያደገ ልጅ ዛሬ ከደበሎ ሌላ ምርጫ አለው። ማን ይቃወማል?

ነገር ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው ስንከተለው አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ችግር ያለበት ጥሪ ሁሉ ሐሰት ከሆነ የማናችን ጥሪ እውነት ሊሆን ነው? እኔ ራሴ የተማርኩትን የትምህርት ዓይነት የመረጠልኝ የፈተና ውጤቴና የምደባ ወረቀት ነው። ሐኪሙን «ተጠርተህ ነው ወይስ ነጥብህ ስለ ደረሰ?» ብለን አንጠይቀውም። አስተማሪውን፣ ወታደሩን፣ የባንክ ሠራተኛውን አንጠይቅም። ሰውን ወደ በሩ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ችግር ነው፤ ወይም አጋጣሚ ነው፤ ወይም የእናት ስእለት ነው። ከበሩ ከገባ በኋላ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አንዱ እንደ ወንድሜ ቀን ሲቆጥር ይኖራል። ሌላው በርሃብ ምክንያት ገብቶ፣ ጥጋብ ቢመጣም አልወጣም ይላል። ጥሪ የሚታወቀው ሰው በገባበት ምክንያት ሳይሆን በቀረበት ምክንያት ይመስለኛል።

የጎጃሙን አባ ገብረ ሚካኤልን እዩ። በመርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ዲቦ በምትባል ቦታ ተወለዱ። በወጣትነታቸው መነኰሱ፤ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ገዳም ዞሩ፤ እስከ ግብፅና ሮም ተጓዙ። ከቅዱስ ያዕቆብ ደ ያኮቢስ ጋር ተዋውቀው የካቶሊክን እምነት ተቀበሉና በ1851 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ ቅስና ተቀበሉ። ከአራት ዓመት በኋላ በሰንሰለት ታስረው እየተንገላቱ አረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1926 እ.ኤ.አ. ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። በሃይማኖት ከእርሳቸው ጋር የማንስማማ ብንኖር እንኳ አንድ ነገር አንክድም፤ ማንም አልተሳለባቸውም፤ ዋጋውንም ራሳቸው ከፈሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የቅኔዋን መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሴት ስለሆኑም ክህነት አልተቀበሉም፤ ጉባኤ ዘርግተው ግን ስንቱን ባለ ቅኔ አወጡ! ሹመቱ ያልጠራቸውን ጥሪው ጠርቷቸዋል።

ታዲያ ከዚህ በኋላ «የኔ ልጅ ግን አይሂድ» የሚለውን አቋሜን በምን ልከላከለው? ሞከርኩ። «ልጁ ይራባል፤ ይታመማል» አልኩ ለራሴ። እውነት ነው። ነገር ግን የማንም ልጅ ሲራብ ይራባል። የጎረቤቴ ልጅ አንጀት ከእኅቴ ልጅ አንጀት አይጠነክርም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይሉት ይኼ ነው። ካህን ሳይኖር ልጄ ክርስትና እንዲነሣ፣ እናቴ እንድትፈታ፣ እኔም ስሞት ጸሎት እንዲደረግልኝ አልችልም። አገልግሎቱን እፈልጋለሁ፤ አገልጋዩ ግን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አልፈልግም።

ይህን ሳስብ አንድ የዘነጋሁት ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ የቆሎ ተማሪን ያሳደገው ወላጁ ብቻ አልነበረም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም ያ ሁሉ ቤት ቁራሽ ይሰጥ ነበር። የኔታ በተማሪው እጅ ያደሩትን ያህል በመንደሩ መሶብ ያደሩ ነበሩ። ልጁን የሰጠ ልጁን ሰጠ፤ ያልሰጠ እንጀራውን ሰጠ። እናቴ ወንድሜን ከሸኘች በኋላ የማንንም ልጅ ባዶ እጁን አልመለሰችም፤ «የኔም የሰው ደጅ ነው ያለ» ትል ነበር። ሸክሙ የሁሉም ነበር። እኛ ያፈረስነው ይህን ነው። ዛሬ የምንለው «ልጁም ከሌላ ቤት ይምጣ፣ እንጀራውም ከሌላ ቤት ይምጣ፣ ቅዳሴው ግን በሰዓቱ ይግባልኝ» ነው።

ልመናው ይመለስ ማለቴ አይደለም። ሕፃን ልጅ በውሻና በብርድ መካከል ተንከራትቶ መማር የለበትም፤ ወንድሜን አይቼ ይህን የምመኝ ከሆነ ልብ የለኝም። ሳይጠየቅ የተሰጠ ልጅም ይብቃን። ነገር ግን ልጅን ከመስጠት ነፃ የወጣ ሰው ከሁሉም ነገር ነፃ የወጣ አይደለም። ልጁን ያልሰጠ ጎተራውን ይጠየቃል። ጎተራ የሌለው ደመወዙን ይጠየቃል። ይህንንም የማያደርግ፣ ቢያንስ ደጀ ሰላም ሥር ተቀምጦ ንግግር ባያደርግ ጥሩ ነው።

በማግሥቱ ለእኅቴ ልጅ ደወልኩለት። የምክር ቃሎቼን አሰናድቼ ነበር፤ «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው» የምትለዋን ጨምሮ። ነገር ግን ወንድሜ ያለኝ ቃል ትዝ አለኝና ምክሩን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ትወደዋለህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

ጥቂት አሰበ። «ጉባኤ ቃና ስቆጥር ሌላው ነገር ሁሉ ይረሳኛል። የተኩሱም ድምፅ ሳይቀር» አለኝ።

ከዚህ ወዲያ የምጠይቀው ጠፋኝ። ግን አንድ የቀረች ጥያቄ ነበረችኝ፤ እርሷን ካልጠየቅሁ ወንድሜን የበደሉት ሰዎች እኔንም የሚጨምሩ መሰለኝ። «ትምህርት ቤቱ ነገ ጠዋት ቢከፈትስ?»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ!» አልኩ። «አለሁ» አለኝ። «ቢከፈትማ እሄዳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የኔታ ዘንድ እመለሳለሁ። ሁለቱን አይከለክሉኝም አይደል?»

ይህ ጥሪ ይሁን ወይም የተዘጋ ትምህርት ቤት የፈጠረው ፍቅር እኔ አልፈርድም። እርሱም ገና አያውቀውም፤ ጊዜ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገው ደግሞ ጊዜ ብቻ አይደለም። ወደ በሩ ቢገባ የሚያበላው፣ መውጣት ቢያምረው ሳይሰድበው የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል። ወንድሜ ሁለቱንም አላገኘም፤ ዲቁናውን ያፈረሰ ቀን እናታችን ለወራት አላነጋገረችውም።

እኅቴ ስልኩን ተቀበለችው። «ምን አልከው? መከርከው?» አለችኝ።

«ጠየቅሁት» አልኋት።

«መጠየቅ ብቻ? ሂድ አልከው ወይስ ቅር?»

«ደበሎውን ተዪው፤ ብርድ ልብስ እልክለታለሁ። ለየኔታም በየወሩ የጤፍ መግዣ እልካለሁ፤ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት ላሉትም የሚሆን። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ ይሂድ። የቀረውን ራሱ ይወስን» አልኋት። ደስ አላላትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሙሉ በሙሉ ደስ አላለኝም።

ያን ማታ እራት ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቱን የራሴን ልጅ ትክ ብዬ አየሁት። በአንድ እጁ ይጎርሳል፤ በሌላው ስልኩን ይነካካል። «አባዬ፣ ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ከእርሱ አፍ ያችን የእኅቴን ልጅ ዐረፍተ ነገር ብሰማ ምን እንደምል ገና አላወቅሁትም። የብርድ ልብስና የጤፍ ዋጋ መላክ ይቀላል። አለቃው «ስንት ልጆች አሉህ?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬ ቢደግሙልኝ ግን፣ «ሁለት» ብዬ ወደ ጠላዬ በዚያ ፍጥነት የምመለስ አይመስለኝም።